ጀርባ ላይ የሚታሰር ብረት

ፒያሳ ቦርሳ ስሰፋ ስንት ጉድ አይቻለሁ፤ የዚህን ሰውዬ ግን አልረሳውም። ጀርባ የምታክል፣ ማሰሪያ ያላት ብረት ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ጀርባዬን ጨርሳዋለች፤ ስፖንጅ ይስፉባት» አለኝ።

ጥይት መከላከያ ናት ብዬ ጠረጠርኩ። ልለካህ ቁም ስለው ጭራሽ ጠረጴዛዬ ላይ በሆዱ ተኛ።

«ቆሜ አይደለም የምሠራባት» አለ።

ጎረቤቴን ወርቅ ሠሪውን በዓይኔ ጠቀስኩት። መጥቶ በሩን ዘግቶ ቆመ።

«በሆድህ ተኝተህ ምንድን ነው የምትሠራባት?»

«ውሃ ውስጥ ስጠልቅ የአየር ሲሊንደር እሸከምባታለሁ።»

«አዲስ አበባ ባሕር አላት እንዴ? ሂድ፣ ሌላ ሰው አሞኝ!»

ከተኛበት ቀና ብሎ አየኝ።

«ባሕርማ የላትም፣ ጋሼ። ክረምት በመጣ ቁጥር ግን ኩሬ ውስጥ ሰምጦ የሚቀር ልጅ አይጠፋም። ፈልጌ የማወጣው እኔ ነኝ።»