በሞጣ አውሮፕላን ሜዳ የቆፈርኩት ጉድጓድ

ሞኝ መሆኔን ከሌላ ሰው ከምትሰሙ ከእኔው ስሙት። በደርግ ጊዜ፣ ቀና ብሎ የሄደም ጎንበስ ብሎ የሄደም በሚጠረጠርበት ዘመን፣ እኔ ዶማ ይዤ ሞጣ አውሮፕላን ሜዳ መሀል ጉድጓድ ቆፈርኩ። በጠራራ ፀሐይ። እያፏጨሁ።

ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ጥናቴ የአውሮፕላን ሜዳዎች ለምን ቶሎ እንደሚበላሹ፣ የሚለብሱት ጠጠርስ ምን ያህል መወፈር እንዳለበት ነው። ለዚህ ደግሞ ከሥር ያለውን አፈር ቆፍሮ ማየት ያስፈልጋል። ቢቸና ላይ ስቆፍር ሽንት ቤት የምሠራ መስሏቸው ማንም አልተናገረኝም። ሞጣ ግን ገና ወገቤ ድረስ እንደገባሁ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ከላይ ቆሙብኝ።

«ምን እየቀበርክ ነው?»

«አልቀብርም፣ እያወጣሁ ነው።»

«ምን?»

«አፈር። አዲስ አበባ ልወስደው።»

ተያዩ። «አዲስ አበባ አፈር የለም?» አለኝ አንዱ።

ያስገቡኝ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። ስንዴው ሄዷል፣ ነቀዙ ቀርቷል። ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች አገኘሁ፤ አንዱ ከደብረ ወርቅ የመጡ የቅኔ መምህር፣ አንዱ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ።

«በምን መጣህ ልጄ?» አሉኝ መሪጌታ።

«በጉድጓድ።»

«እኔስ አቡጄዲ ደበቅክ ተብዬ ነው» አሉ ሐጂ። «የኔ ይሻላል።»

ጥግ ይዤ ለራሴ ሳዝን አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ዘልዬ ተነሣሁ። ጉድጓዱን አልደፈንኩትም። ነገ ደግሞ አውሮፕላን ይመጣል። በሩን ደበደብኩ፤ የከተማው ካድሬ ዘንድ ወሰዱኝ።

«ጓድ፣ ጉድጓዱ ይደፈን። ጎማው ከገባበት ሰው ያልቃል።»

«ማስረጃ ነው፤ አይነካም። ዘብ አቁመንበታል።»

«አውሮፕላን ዘብ አይፈራም። እንዳይመጣ ይነገረው።»

«ስልኩ ከተበላሸ ሰነበተ።» ትንሽ አሰበ። «አውሮፕላን ለመጣል ነው የቆፈርኩት ብለህ እመን። ካመንክ ማስረጃ አያስፈልገንም፣ ወዲያው ይደፈናል።»

ሲነጋ ልንገርህ ብዬው ተመለስኩ፤ ለሽማግሌዎቹም ሁሉን ነገርኳቸው። ካመንኩ ወደ ደብረ ማርቆስ እላካለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ካላመንኩ ተሳፋሪዎቹ አሉ። ጠዋት ካድሬው በሩ ላይ ሲቆም «እሺ» ልል አፌን ስከፍት መሪጌታ ቀደሙኝ።

«እኛ እንመስክርበት» አሉ። «ጉድጓዱን ሁለት ሽማግሌ በዓይኑ ካየው፣ ቢደፈንስ ማስረጃው የት ይሄዳል?»

«እኔም እመሰክርበታለሁ» አሉ ሐጂ። «ሌሊቱን ሲገላበጥ አላስተኛኝም።»

ካድሬው ደስ አለው። እስረኛ በእስረኛ ላይ በፈቃዱ ሲመሰክር አይቶ አያውቅም።

ሦስታችንንም ሜዳው ወሰዱን። ምስክሮቼ ጎንበስ ብለው አዩ። «ጉድጓድ ነው» አሉ መሪጌታ። ጠባቂዎቹ አፈሩን በአካፋ ሊገለብጡት ሲሉ ዘልዬ ገባሁበት።

«እንዲህ አይሆንም» አልኩ። «ስንዝር ስንዝር እየተጨመረ፣ ውሃ እየተርከፈከፈ፣ እየተረገጠ ነው። አለዚያ ጎማው ሲነካው ይሰምጣል።»

«ውጣ!»

«ስጨርስ።»

እንዴት እንደደፈርኩ እንጃ፤ ቀበቶዬን እንኳ ወስደውብኝ ነበር። በአንድ እጄ ሱሪዬን ይዤ መርገጥ ጀመርኩ። ሐጂ እየሳቁ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። መሪጌታም ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ማሕሌት የቆሙ ይመስል እያሸበሸቡ ይረግጡ ጀመር። አፈሩ ሲጨመር እኛም ከፍ እያልን ሄድን፤ በመጨረሻ ከሜዳው እኩል ቆምን።

አውሮፕላኑ መጣ፣ በላዩ አለፈበት፣ ምንም አልሆነም። እኛም ወደ ነቀዛችን ተመለስን።

ከሳምንታት በኋላ «ሂድ» አሉኝ። ለምን ተብሎ የሚጠየቅበት ጊዜ ስላልነበር ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መንገድ ሠርቻለሁ፤ በማሽን፣ በባለሙያ። ብዙው ተሰነጣጥቋል። አንዳንድ ቀን አዲስ አስፋልት ላይ ቆሜ ሁለት ሽማግሌ ያምረኛል።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ሞጣ ሄጄ ሐጂን ሱቃቸው አገኘኋቸው። መሪጌታ አርፈዋል። ያኔ ለምን እንደተፈታሁ ጠየቅኋቸው።

«ከማርቆስ መርማሪ መጣና ጉድጓዱን አሳዩኝ አለን» አሉኝ። «እኔና መሪጌታ ልንዋሽልህ ተማክረን ነበር። አላስፈለገም። ካድሬውም እኛም ሜዳውን ስንዞር ዋልን፤ ፈልገን አጣነው።»