የኋላ ማርሽ የማያስፈልገው መንገድ

የወንድሜ ሚስት ጌርሊንደ ዕድሜዋን ሙሉ መጋረጃ ስትሰፋ ኖራለች። ደቡብ ጀርመን ኢስኒ ከተማ ካለው የጨርቅ ሱቅ ጡረታ ስትወጣ አለቃዋ ጥሩ መቀስ ሸለማት፤ እሷ ግን ሽንኩርት ትቆርጥበታለች። ልብስ ሰፊ ስለሆነች መንገድም የምትለካው በክር ነው። የተራራውን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ቀይ ክር ከቤቷ ደጃፍ ታስነሳለች። በየጥምዙ ስፒል እየወጋች ክሩን በአልፕስ ላይ አሻግራ ጣሊያን ውስጥ ካለችው ከትንሿ የሜዞላ ሐይቅ ታደርሰዋለች። ከዚያ አንስታ በልብስ ሰፊ ሜትር ትለካዋለች። ልጇ ቲሎ፣ ስልኩ ይህን ሁሉ በአፍታ እንደሚነግራት ስንት ጊዜ አስረድቷታል።

"ስልክህ የመንገዱን ርዝመት ያውቃል፤ የአባትህን የሽንት ፊኛ ግን አያውቅም" ትለዋለች።

አባቱ ቪልፍሪድ ታላቅ ወንድሜ ነው። አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለውን ቤት መኪናቸውን የሚነዳው እሱ ነበር። እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው፤ ባል ይነዳል፣ ሚስት ካርታ ትይዛለች። መኪናው ወደ ኋላ መሄድ ሲኖርበት ደግሞ ሚስት ወርዳ ከኋላ ትቆምና እጇን እያወዛወዘች ትመራዋለች። ቤት መኪኖች በሚያድሩባቸው ማረፊያ ሜዳዎች ላይ ባልና ሚስት የሚጣሉት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። እነሱ ሲጣሉ አላየሁም። ጌርሊንደ እጇን ታነሳለች፣ ቪልፍሪድ ይቆማል፤ በቃ።

ወንድሜ የካቲት ላይ ሞተ። ደጁን ከበረዶ ጠርጎ ገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ በዚያው ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው እሁድ ቲሎ ከሚኖርበት ከኡልም ከተማ መጣና ሦስታችን ምሳ በላን። ጌርሊንደ አይብ የቀለጠበት የቤት ፓስታ ሠርታ፣ የተጠበሰ ሽንኩርት ከላይ በትናበት ነበር። ቲሎ ሁለተኛ ሳህኑን ሲጀምር ነገሩን አወጣው።

"እማ፣ ለመኪናው ገዢ አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሊያየው ይመጣል።"

"ማን ፈልግልኝ አለህ?"

"ማንም አላለኝም። ግን ማን ሊነዳው ነው? አጎቴ አልቪን?"

"እኔን አታስገቡኝ" አልኩ። "እኔ ብስክሌት እንኳ ግድግዳ ተደግፌ ነው የምወጣው።"

"እኔ እነዳዋለሁ" አለች ጌርሊንደ።

ቲሎ ሹካውን አስቀመጠ። "ያን የሚያክል ነገር?"

"አባትህ ጥርሱን ያመመው ጊዜ ከስዊዘርላንድ፣ ከኹር እስከዚህ ማን ያመጣው መሰለህ?"

"እሱ ወደፊት ነው። ወደ ኋላስ?"

ጌርሊንደ አንድ ጊዜ ሞክራ የሆላንዶችን ድንኳን ደርምሳለች፤ ሰዎቹ ውስጡ ቁርስ እየበሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያን ማርሽ ነክታው አታውቅም።

"እማ" አለ ቲሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አባባን ከቀበርነው ገና ሁለት ወሩ ነው። አንቺን ደግሞ ገደል ለገደል ልፈልግሽ አልችልም።"

ክፋት የለበትም፤ ፈርቶ ነው። እሷም ገባት መሰለኝ አልተቆጣችም። ሳህኖቹን አነሳስታ፣ እጇን አጥባ ተመለሰች።

"እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጠኝ። ብቻዬን የምነዳው መንገድ ካወጣሁ መኪናው ይቀራል። ካቃተኝ ለሰውየው ስጠው፤ አንድ ቃል አልናገርም።"

"ከዚህ እስከ ሐይቁ፣ ማንም ሳይረዳሽ?"

"ማንም ሳይረዳኝ።"

ከብት እንደሚሻሻጥ ሰው እጅ ለእጅ ተማትተው ተስማሙ። እኔ ምስክር ሆንኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ አብሬያት ተቀመጥኩ። ቤቴም ያው ጸጥ ያለ ነው። መጀመሪያ የነቀለችው የሽፕሉገንን የተራራ መተላለፊያ ስፒሎች ነበር። ወንድሜ ከዚያ ሌላ መንገድ አይወድም ነበር፤ ሌላው ሁሉ ለእሱ ተራራ መሻገር አይባልም። መንገዱ ግን ጠባብ ነው። ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ ከፊት ለፊት ከመጣ ቅድሚያ የእሱ ስለሆነ፣ መለከቱን ነፍቶ እስክታሳልፈው ይጠብቃል።

"እና ምን ታደርጊያለሽ?" አልኳት።

"ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ማለትም አልሄድም። ስለዚህ ሽፕሉገን ቀረ።"

ክሩን በሌሎቹ መተላለፊያዎች፣ በዩልየርና በማሎያ በኩል አዞረችው። ማሎያ ላይም ጥምዙ ብዙ ነው፤ ቢሆንም ሁለት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል። ክሩ ከድሮው በአንድ ስንዝር ረዘመ። ከዚያ ስልክ ይዛ ማረፊያ ሜዳዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀች።

"በአንድ በኩል ገብቼ በሌላው የምወጣበት ቦታ አላችሁ? አይ፣ ስፋቱ አይደለም፤ መውጫው ነው... የለም? ይቅርታ፣ ደህና ዋሉ።"

ቲፈንካስተል አካባቢ ያሉት "የለም" አሏት። ሲልቫፕላና ያሉት "አለ፣ ግን ሐይቁ አይታይም" አሏት። "ሐይቅ የማየው ስደርስ ነው" ብላ ያዘችው። ነዳጅ ማደያዎቹንም፣ ዳቦ የምትገዛባቸውን ቦታዎችም እንዲሁ መረጠች፤ በዚህ ገብታ በዚያ የማትወጣበት ቦታ ተሰረዘ። ዓርብ ዕለት ተነስታ ከላይ አየችውና እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች።

"እንደ መጋረጃ ሐዲድ ነው፤ ወደፊት ብቻ" አለች።

ቅዳሜ ቲሎ ካርታው ላይ አጎንብሶ ክሩን በጣቱ ተከተለ። ስህተት የሚያገኝ መስሎት በየስፒሉ ጠየቃት፤ ለሁሉም መልስ ነበራት። መጨረሻ ላይ ቀና አለ።

"ጥሩ መንገድ ነው" አለ። መናገሩ ባይደላውም ሐቀኛ ልጅ ነው። "በሉ መኪናውን እንየው።"

ቤት መኪናው ክረምቱን የሚያሳልፈው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በገበሬው በሌንዝ ጎተራ ውስጥ ነው። ሌንዝ ትልቁን በር ገፍቶ ከፈተ፤ አራታችንም እዚያው ቆምን።

ፊታችን ያለው የመኪናው ጀርባ ነበር። ቪልፍሪድ እንደየዓመቱ አፍንጫውን አስቀድሞ ነበር ያስገባው፤ በጸደይ ሚስቱ ከኋላ ቆማ ታስወጣዋለችና። በግራው የሌንዝ የሣር መገልበጫ ማሽን፣ በቀኙ ጣሪያውን የተሸከመው ወፍራም ምሰሶ አለ። ጌርሊንደ ሳምንቱን ሙሉ ተራራውን በስፒል ስትወጋ ክሩን ያስነሳችው ከቤቷ ደጃፍ ነው። መኪናው ያለው ግን እዚህ ነበር። እኔም ጥቅምት ላይ ሲገባ አይቼዋለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

"በትራክተር ልጎትተው እንዴ?" አለ ሌንዝ።

"ማንም ሳይረዳኝ ነው የተባለው" አለች ጌርሊንደ። ቁልፉን ከቲሎ እጅ ወስዳ ገባች።

ሞተሩ ተነሳ። እኔ ሮጬ ከኋላ ቆምኩ፣ ሁለት እጄንም ማወዛወዝ ጀመርኩ። "ነይ! ነይ! ነይ!"

ክንድ ያህል ሄዳ ቆመችና በመስኮት አንገቷን አወጣች። "አልቪን፣ የት ነህ?"

"ከኋላሽ!"

"አላይህም እኮ! ለማን ነው የምታወዛውዘው? በስፖኪዮው ውስጥ ፊቴ ካልታየህ እኔም አላይህም። ደግሞ ማን ጠራህ? ዞር በልልኝ።"

ዞር አልኩ። እሷም ወረደች። ወደ ኋላ መጥታ፣ በምሰሶው አጠገብ፣ ድሮ ለወንድሜ እጇን ታነሳበት በነበረው ቦታ ቆመች። ምሰሶውን አየች፣ ማሽኑን አየች፣ ጎማውን አየች። ከውጭ ሆና ያን መኪና ስታየው የኖረችውን ያህል ያየው ሰው የለም። ያቃታት ያየችውን ይዛ ወንበሩ ድረስ መሄድ ነው። ተመልሳ ገባች፣ ትንሽ አስኬደች፣ እንደገና ወረደች።

"በዚህ አያያዝ ሰኔ ላይ ደጅ ትደርሳለች" አለ ሌንዝ።

"አንተ ላሞችህን እለብ" አለችው ሳትዞር።

ከዚያ የመኪናውን የጎን በር ከፍታ የቪልፍሪድን የጎማ ቦቲ አንዱን እግር አወጣች። ጭቃው ደርቆበታል። ራሷ ቆማበት ከነበረው ቦታ ላይ አቆመችው፣ ትንሽ ወደ ግራ አስጠጋችው፣ ሄዳ በስፖኪዮው አየችው፣ ተመልሳ ደግሞ አስተካከለችው።

"ቦቲ እርዳታ ነው?" ሲል ሌንዝ ቲሎን ጠየቀው።

ቲሎ ቦቲውን እያየ ነበር። "አይደለም" አለ።

መኪናው መጣ። በጣም ቀስ ብሎ፣ ምሰሶውን በአንድ መዳፍ ርቀት እያለፈ መጣ። ቦቲው አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ እሷ ወረደች፣ ቦቲውን ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ ወሰደችው፣ ተመለሰች። እኔ እጆቼን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ነበር፤ ውጭ ቢሆኑ ኖሮ ማወዛወዛቸው አይቀርም ነበር።

የፊት ጎማዎቹ ደፉን ሲያልፉ የገዢው መኪና ወደ ግቢው ገባ። ቲሎ ሄዶ በመስኮቱ አነጋገረው። ሰውየው ቤት መኪናውን በጉጉት አየ፣ ትከሻውን ሰበቀ፣ ከዚያ መሪውን ጠምዝዞ ወደ ኋላ በአንድ ትንፋሽ ግቢውን ለቆ ወጣ።

"እሱስ ይችልበታል" አለ ሌንዝ።

ጌርሊንደ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። ክንዶቿን አጣመረች። ቲሎ ቦቲውን አንስቶ ጭቃውን በእጁ ያራግፍ ጀመር።

"ተወው፣ አታራግፈው" አለችው። "ስጠኝ። በመንገድ ላይ ያስፈልገኛል። ጥቅምት ላይ ደግሞ በጀርባው ነው የማስገባው፤ ሌንዝ፣ ያን ማሽንህን ፈቀቅ ታደርገዋለህ።"

"አደርገዋለሁ እመቤቴ" አለ ሌንዝ።

ማታ ሾርባ ስንጠጣ ካርታው ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጌርሊንደ ማንኪያዋን አስቀምጣ በቤቷ ደጃፍ ላይ የተሰካችውን የመጀመሪያ ስፒል ነቀለች፤ ክሩን ትንሽ ስባ ከሌንዝ ጎተራ ላይ ወጋችው።