የአዴ ገለቴ የሐሙስ በሽታ

አዴ ገለቴ ቡራዩ ውስጥ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር አጣና ይሸጣሉ። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቋሚውን ከማገር የሚለዩት፣ ከግንበኛ ጋር የሚከራከሩትም ራሳቸው ናቸው። ጤና ጣቢያ የገቡት ሰው ለመጠየቅ ብቻ ነበር፤ ይህንንም እንደ ሙያ ይቆጥሩታል።

ኮሮና የገባ ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ጂቱ ሻንጣዋን ይዛ ቤቷ ተመለሰች። የሕክምና ተማሪ ናት። ወራት ካለፉ በኋላ የተግባር ፈተና ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደሚሰጥ በቴሌግራም ተነገራት። በሽተኛ ፊት ቆመው ጠይቀው፣ ዳስሰው፣ አዳምጠው የሚያልፉት ፈተና ነው። በሽተኛ ግን ከየት ይምጣ? ሆስፒታሎቹ ተማሪ አያስገቡም። ጂቱና ከሰበታ እየተመላለሰ አብሯት የሚያጠናው ኪሩቤል ትራስ አጋድመው ሲመረምሩ ሰነበቱ።

አዴ ገለቴ በአጥሩ ላይ አሻግረው ያዩዋቸው ነበር።

"ትራሱ ምን አላችሁ?"

"ምንም አይልም" አለች ጂቱ።

"እኔ እላለሁ።"

እንዲህ ሆኖ በሽተኛ ሆኑ። ልምምዱ አጣናው ግቢ፣ ነፋስ የሚገባበት የቆርቆሮ ዳስ ሥር ነበር፤ ሦስቱም ማስክ አድርገው። ጂቱ በሽታዎቹን በየቀኑ ከፋፍላ ጻፈችላቸው፤ ሰኞ ትርፍ አንጀት፣ ማክሰኞ አስም፣ ሐሙስ የደም ግፊት። አዴ ገለቴ ግን የተጻፈውን ብቻ መናገር አልሆነላቸውም።

"ሕመሙ መቼ ጀመረዎት?" ይላል ኪሩቤል።

"ካገባሁ ጀምሮ።"

"በምን ይብስብዎታል?"

"የባሌ እህት ስትመጣ።"

"አዴ፣ ይሄ እኮ ወረቀቱ ላይ የለም።"

"ወረቀቱን የጻፈችው የባሌን እህት አታውቃትማ።"

አንድ ሰኞ ኦቦ ጃራ የሚባሉ አናጺ ማገር ሊገዙ ገብተው፣ ሴትዮዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድመው ሲያቃስቱ ቢያዩ ወደ ኋላቸው ሸሹ።

"ኮሮና ነው እንዴ?" አሉ በሩ ጋ ሆነው።

"ትርፍ አንጀት ነው" አሉ አዴ ገለቴ ሳይነሱ። "ስንት ማገር ፈለጉ?"

ጂቱ እጇ ጎበዝ ነው፤ ያስቸገራት አንደበቷ ነበር። ለበሽተኛ ክፉ ወሬ መንገር ራሱን የቻለ ፈተና አለው። እሷ እዚያ ስትደርስ የመጽሐፉን እንግሊዝኛ እያንበለበለች ታልፈዋለች። አዴ ገለቴ ሁለት ጊዜ ጥለዋታል። "ልሙት ልዳን አልገባኝም" ብለው።

በአራተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ኪሩቤል የግፊት መለኪያ ተውሶ መጣና መሣሪያውን ለመሞከር ያህል ክንዳቸው ላይ ጠመጠመው። መቶ ዘጠና በመቶ አሥራ አምስት አለ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎት የራሱን ለካ፤ ደህና ነው። የጂቱን ለካ፤ ደህና ነው። የአዴ ገለቴን ደገመ፤ ያው ነው።

"አዴ፣ ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል።"

"ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ አስም ነኝ። ግፊት የሐሙስ ነው።"

"የምሬን ነው።"

"እኔም የምሬን ነው፤ ለአስሙ ተዘጋጅቻለሁ" አሉና ደረታቸውን ሲር ሲር ማድረግ ጀመሩ።

ኪሩቤል ስለ ልብ፣ ስለ ኩላሊት ሲዘረዝርላቸው ሲር ሲር ማለቱን ተዉት። ጤና ጣቢያ ግን አልሄድም አሉ። አንዴ የገባውን ሁሉ ኮሮና ነው ብለው ያስቀሩታል ሲባል ሰምተዋል። ደግሞስ የት አመማቸው? ተቆጥተው ተነሡና አጣና መደርደር ያዙ።

ጂቱ ተከትላቸው ሄዳ፣ ራቅ ብላ ግንድ ላይ ተቀመጠች።

"ፈርተዋል?" አለች በኦሮምኛ።

"አንቺስ?"

"እኔ ፈርቻለሁ። ይሄ በሽታ ሳያሳምም ነው የሚጎዳው። አንድ ቀን ድንገት እጅዎን ወይም አንደበትዎን ሊይዘው ይችላል። ግን መድኃኒት አለው፤ በየቀኑ ከዋጡት ይወርዳል። አብሬዎት ገብቼ አብሬዎት እወጣለሁ።"

አዴ ገለቴ ያነሡትን ማገር እንደያዙ ቆሙ።

"ጨውስ?"

"ይቀነሳል።"

"በርበሬስ?"

"በርበሬ አልከለክልዎትም።"

"እንግዲያው ነገ ጠዋት" አሉና ማገሩን አስቀመጡት። "አሁን ገብቶኛል።"

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ነርሷ ምን እንዳመማቸው ስትጠይቃቸው፣ አዴ ገለቴ መቼ እንደታወቀ፣ ምን እንደሚያብሰው፣ ቀድሞ የነበረባቸውን፣ በቤተሰብ ያለውን፣ የማይስማማቸውን መድኃኒት ጭምር በተራ በተራ ነገሯት። ነርሷ ጽፋ ስትጨርስ ቀና አለች።

"እማማ፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ነዎት?"

"አጣና ነጋዴ ነኝ።"

ማንም አላስቀራቸውም። ኪኒናቸውን ይዘው ወጡ፤ በሁለት ወር ውስጥ ግፊታቸው ወረደ። ጂቱ ፈተናውን አለፈች፤ ያን የፈራችውን ክፍል ሳይቀር። ኪሩቤልም አልፏል፤ ብቻ በዚያ በኮሮና ዓመት፣ በሽተኛ ከመንካቱ በፊት እጁን መታጠብ ረስቶ ነጥብ ተቀነሰበት። ይህን ለአዴ ገለቴ የነገረቻቸው ጂቱ ናት፤ ለብዙ ቀን ሳቁበት።

በጥር ወር ሉሲና ኢብሳ የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች ወሬውን ሰምተው ከሱሉልታ መጡ። አዴ ገለቴ እሺ አሉ፤ ግን አጣና ሊገዛ የሚገባ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ሁሉ ቅድሚያ ግፊቱን ይለካ ብለው። ሉሲ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ዘረጋች። በዚያ በጋ ሁለት ግንበኞች እያጉረመረሙ ጤና ጣቢያ ሄዱ።