የኦሳሮ አሥራ አንድ ደቂቃ

ሲያትል ጥግ ባለችው ስካይዌይ ውስጥ ኦሳሮን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ቁመቱ የበር ጉበን ይነካል፤ ደረጃ ሲወርድ ግራ ጉልበቱን እየለመነ ነው የሚወርደው። ቤኒን ሲቲ ተወልዶ፣ ድሬዳዋ ላይ ተዘፍኖለት፣ አሁን በአጎራባቿ ኬንት መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚደረድር ናይጄሪያዊ የእግር ኳስ አጥቂ ነው። ሚስቱ ባየሽ ስለ እሱ ለሚጠይቃት ሁሉ የምትመልሰው አንድ ነው።

«ባሌ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ግብ ማግባት፣ ሁለተኛው ያገባውን ለአባቱ መንገር።»

እውነቷን ነው። አባቱ ቤኒን ሲቲ መንገድ ዳር ጎማ እየጠገኑ ያሳደጉት ሰው ናቸው። ኳስ የሚከታተሉት በሬዲዮ ነበር። ልጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በደመወዝ የተጫወተ ቀን ግን ሬዲዮው የእሱን ክለብ ሳያነሳው ቀረ። ማታ ቤት ሲገባ «እንግዲያው አንተው ሬዲዮ ሁነኝ» አሉት። ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ተረከላቸው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ኦሳሮ ተጫውቶ ለአባቱ ያልተረከው ጨዋታ የለም። አሸንፎም ተሸንፎም ይደውላል። ሽማግሌው ዝም ብለው ይሰሙና ግቡ ላይ ሲደርስ ብቻ ያቋርጡታል፤ «በየትኛው እግር?»

ድሬን ያገኛት በስህተት ነው። ቱርክ አስገባሃለሁ ያለው ወኪል አዲስ አበባ ኤርፖርት ላይ ጥሎት ተሰወረ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። አንድ የአገሩ ልጅ አዝኖለት ለሙከራ ወደ ምሥራቅ ይዞት ወረደ፤ ድሬም በሙቀቷ እንደ ዘመድ አቅፋ ተቀበለችው። በሁለተኛው ዓመት አሥራ ሰባት ግብ አገባ። ደጋፊው ጭብጨባ ብቻ አልበቃው ብሎ ግጥም ገጠመለት፤

ባቡሩ ቢዘገይ ድሬ ምን አለባት፣
ኦሳሮ መጣና መረብ ቀደደላት።

ባየሽ ያን ጊዜ ከስታዲየሙ ፊት ለፊት ባለው መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር። ረጅሙ ልጅ የጉልበት ማሰሪያ ሊገዛ ገባ። በማግስቱም ገባ። በሦስተኛው ቀን «ስንት ጉልበት ነው ያለህ?» አለችው። አማርኛው ገና የሰው ቤት እንግዳ ነበርና «ሁለት። ግን አንዱ አንቺ ጋር ቀረ» ብሎ መለሰላት። በዚሁ ተጋቡ ማለት ይቻላል።

ስምንት ዓመት በሦስት ከተማ ተጫወተ። በስምንተኛው ዓመት አንድ ዝናባማ እሑድ ጉልበቱ ተቀነጠሰ፤ ባየሽ ድምፁን ከደረጃው ላይ ሆና የሰማችው እስኪመስላት ድረስ ዛሬም ያንገበግባታል። ክለቡ ውሉን አላደሰም፤ ዘፈኑም ስሙ ተለውጦ ለሌላ አጥቂ ተሰጠ። ዘፈን እንዲህ ነው፤ ለእግር እንጂ ለሰው ታማኝ አይደለም። ያን ዓመት የባየሽ ዲቪ ወጣ። ሲያትል መጡ፣ ሃሴትን ወለዱ፣ ስድስት ዓመት ሆናቸው።

ኦሳሮ እዚህም ኳስን አልተዋትም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈሩ ትምህርት ቤት ጀርባ ለስካይዌይ ሐበሾች ይሰለፋል። የቡድኑ አባት ጋሽ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ ሰላሳ ዓመት መኪና ፓርክ ሲያስደርጉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ። ኦሳሮ አማርኛን የተማረው አንቱታ በማይታወቅበት በድሬ ነውና «ጋሼ፣ አንተ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ከማንም አፍ የማይወዱትን ከእሱ አፍ ወደውታል። ጋሽ ወልደ ሥላሴ ሌላም ሥራ አላቸው። ከከተማው ሐበሻ መካከል አገር ቤት ሰው የሞተበት እንደሆነ መርዶ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ጧት ሰው ቤት መሄድ አይችሉም። አንድ ጊዜ የተዋሱትን መሰላል ሊመልሱ ማልደው ቢያንኳኩ፣ የቤቱ እመቤት ገና በመስኮት ስታያቸው እሪ ብላ ጎረቤቱን ሰብስባለች።

የሰኔው ዋንጫ ጨዋታ ቀን ነበር፤ ስካይዌይ ከኬንት። ጨዋታው የሚጀመረው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ኦሳሮ ለልምምድ ማልዶ ወጥቷል። ባየሽ ለተጫዋቾቹ ብርቱካን እየቆረጠች ሳለ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኳ ጠራ። ከቤኒን ሲቲ የኦሳሮ እህት ኤሶሳ ናት።

«ባየሽ፣ ፓፓ ደህና አይደለም። በጣም ደህና አይደለም። የኦሳሮ ስልክ ዝግ ነው። እንዲደውል ንገሪው፤ አሁኑኑ።»

«ኦኬ፣ ኦኬ፣ እነግረዋለሁ» አለችና ቢላዋውን አስቀመጠች።

ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ምን ብላ ትጠይቅ? የእሷ እናት ድሬ ላይ ያረፉ ጊዜ ወንድሟ በስልክ ያላት «እማዬን ትንሽ አሟታል» ነበር። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ጋሽ ወልደ ሥላሴ ከፊት፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ስድስት ሰዎች ከኋላ ሆነው ደጇ ላይ ቆሙ። ሞት በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። መጀመሪያ ታሟል ይባላል፤ ሕመም የሞት መጋረጃ ነው። ከዚያ ወዳጅ ይሰበሰባል፣ ሰውየው እህል እንዲቀምስ፣ እንቅልፍ እንዲያገኝ ይደረጋል፣ መርዶው ሲነጋ ይነገራል። ባየሽ ይህን ከጡት ጋር የጠባችው ነው። ስለዚህ ኤሶሳ «ታሟል» ስትል ባየሽ የሰማችው ልቅሶ ነበር። እኚያ ሰው፣ ድምፃቸውን እንጂ ፊታቸውን አይታ የማታውቀው አማቷ፣ በልቧ ውስጥ እዚያው ብርቱካኑ አጠገብ ሞቱ።

ሃሴትን ይዛ ሜዳው ደረሰች፤ ጋሽ ወልደ ሥላሴንም ወደ ዳር ጠራቻቸው።

«የኦሳሮ አባት፣ ጋሼ…»

«መቼ?»

«አላሉም። ታሟል ነው ያሉት።»

«ታሟል ካሉማ…» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ነፍስ ይማር። በይ ዕንባሽን ጥረጊ። ሜዳ ላይ መርዶ አይነገርም። ይጫወት፣ ይብላ፣ ይተኛ። ነገ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ቤታችሁ እንመጣለን።»

የቡድኑ አምበል አወል አጠገባቸው ጫማውን ያስር ነበር። ቀና አለ። «ጋሼ፣ ፋይናል ባይሆን ኖሮም እንዲህ ነበር የምትሉት?»

«አንተ ልጅ! ለብረት ዋንጫ ብዬ ሰው የምበድል መሰለህ?» ተቆጡ። ቢሆንም ወደ ኦሳሮ ቦርሳ ሄደው የተዘጋውን ስልክ አወጡና ኪሳቸው ከተቱት። ይህም ደንብ ነው፤ ሐዘንተኛ ፌስቡክ ላይ መርዶ እንዳያነብ ስልኩ ይሰወራል።

ኦሳሮ እየሮጠ መጣና ሚስቱን አያት። «ዓይንሽ ምን ሆነ?»

«ብርቱካን ፈናጠቀብኝ።»

«አቦ፣ ሁለት አገባልሽና ይድናል።»

በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ አንዱን አገባ። ከቀኝ የተሻገረች ኳስ ነበረች፤ የታመመው ጉልበት እንዴት እንዳነሳው እንጃ፣ ከሁሉም በላይ ወጣና በግንባሩ መታት። ጓደኞቹ ሊያቅፉት ሲሮጡ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ሰው ጸሎት ይመስለዋል። ባየሽ ግን ታውቃለች፤ ለአባቱ እንዴት እንደሚነግረው ቃል እየመረጠ ነው። ያን ጊዜ ፊቷን በሹራቧ ሸፈነች። ሃሴት እጇን ጎተተቻት፤ «ማሚ፣ ሂ ስኮርድ! ዋይ አር ዩ ክራይንግ?»

ስልኳ ሦስት ጊዜ ነዘረ፤ ኤሶሳ ናት። ባየሽ አላነሳችውም፤ ልቅሶ ለመስማት አቅም አልነበራትም። ኬንቶች ሳያስቡት አገቡና አንድ ለአንድ ሆኑ። ከእረፍት መልስ ስልኩ ለአራተኛ ጊዜ ሲነዝር ግን «እናውቃለን፣ እግዜር ያጽናሽ» ልትል አነሳችው።

«ለምንድነው የማይደውለው?» ኤሶሳ ጮኸች። «ፓፓ ውጤቱን እየጠየቀኝ ነው!»

ከኋላዋ ሳል ተሰማ። ቀጥሎም እንደ ደረቀ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ የሽማግሌ ድምፅ፤ «ስንት ለስንት?»

ባየሽ ወደ ጋሽ ወልደ ሥላሴ ሮጠች። «ጋሼ! ሕያው ናቸው! ሕያው ናቸው እኮ!»

ጋሽ ወልደ ሥላሴ የኦሳሮን ስልክ ከኪሳቸው መዘዙ። ጨዋታው እየተካሄደ፣ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ስልኩን ከፍ አድርገው ይዘው መስመሩን ጥሰው ገቡ። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ከኬንት ደጋፊዎች አንዱ «ስካይዌዮች ሰው ጨረሱ! ዛሬ ደግሞ መሥራቹን አስገቡ!» ብሎ አሳቀ። ሽማግሌው አልሰሙትም። ኦሳሮ ፊታቸውን አይቶ ኳሷን ተዋት።

«አባትህ ታመዋል፣ ውጤቱን ይጠይቃሉ» ብለው ስልኩን ሰጡት፤ ከሜዳው ዳር ሣር ላይ ተቀምጦ ደወለ። እሱን ተክቶ የገባው መልከጸዴቅ ነው፤ በኬንት መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ሆዱ ከማሊያው የቀደመ። ባየሽ ከኦሳሮ ጀርባ ተንበረከከች። የሚያወሩት በእንግሊዝኛና በአገራቸው ቋንቋ ቅይጥ ነበር፤ እሷ ከአሥር ዓመት በላይ ሰምታ ለምዳዋለች።

«ፓፓ፣ እኔ ነኝ።»

«አለቀ?» አሉ ሽማግሌው።

«አላለቀም። ላንተ ልነግርህ ወጣሁ።»

ኦሳሮ ጉሮሮውን ጠረገና ያስለመዳቸውን የሬዲዮ ድምፅ አወጣ። ሃያ ዓመት የተረከው ሁሉ ያለፈ ጨዋታ ነበር፤ ዛሬ ግን ዓይኑ ፊት እየሆነ ያለውን ነው የሚነግራቸው። «ኳሷ ከአወል ጋር ናት። አወል አየ። ረጅም ሰጠ፣ ለመልከጸዴቅ። መልከጸዴቅ ጭነት አመላላሽ ነው ፓፓ፤ ዛሬ ግን ጭነቱ ራሱ ነው። እየሮጠ ነው… አልሮጠም፣ ቆመ… አሁን ኳሷ እየጠበቀችው ነው…»

ከስልኩ ሳቅ ወጣ። ሳል ሆነ፣ እንደገና ሳቅ ሆነ። ባየሽ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«አንተስ?» አሉ ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ሰብስበው። «አግብተሃል?»

«አንድ።»

«በየትኛው እግር?»

«በግንባሬ ነው ፓፓ።»

«እህ። ንገረኝ።»

ነገራቸው። የኳሷን አመጣጥ፣ የነፋሱን፣ የተከላካዩን ክርን፣ የመረቡን እንቅጥቅጥ። ሲጨርስ ኤሶሳ ስልኩን ተቀበለችና «ፓፓ ተኝቷል» አለችው። ሰዓቱን አየ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር ያወሩት። ኬንቶች ሁለተኛ አግብተው ዋንጫውን ወሰዱ። ከስካይዌይ ወገን ግን ስለ ዋንጫ ያነሳ አንድም አልነበረም።

አባቱ ከዚያ እንቅልፍ አልነቁም። እዚያ ሊነጋ ሲል፣ እዚህ የሰኔ ፀሐይ ገና ከዛፎቹ በላይ ሳለች፣ ኤሶሳ ለወንድሟ ራሷ ደወለች። ኦሳሮ የቤታቸው ደረጃ ላይ ሆኖ መርዶውን ብቻውን ተቀበለ፤ ገብቶም ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ኤሶሳ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ደወልኩላት ትላለች።»

ባየሽ ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ነው የዋለችው። አልዋሸችም። «አዎ። የሞቱ መስሎኝ ነው። በእኛ ታሟል ሲባል… ጠይቄ ቢሆን ኖሮ…»

«እዚህ ጧት ሳለ ይናገር ነበር» አለ ኦሳሮ ቀስ ብሎ። «እዚያ ከሰዓቱን ሙሉ ሲናገር ነበር አለችኝ፣ ስለ ልጅነቴ፣ ስለ እናቴ። ለኦሳሮ የምለው አለኝ ሲል ነበር። እኔ ስደውል ግን መስማት ብቻ ነው የቀረው።» ቀና ብሎ አያት። «ሦስት ሰዓት ከሩብ ሙሉ ጠበቀኝ፣ ባየሽ።»

ፊቱን አዞረ። እሷም ማድ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገች። እንባዋ ለራሱ ቃል አወጣ፤ በለሆሳስ፣ የድሬ ሴቶች በሚያለቅሱበት ዜማ፤

በቁሙ ቀበርኩት ያላየሁትን ሰው፣
ድምፁን እየሰማሁ አፌን በምን ላብሰው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ወልደ ሥላሴ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ አወልና መልከጸዴቅ ከኋላ ናቸው። በሩ ክፍት ቢሆንም አልገቡም። በዚህ ከተማ የስንቱን ቤት ደፍ የረገጡ ሰው ደፉ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ስልክህን ከቦርሳህ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሷ ነገረችኝ እንጂ አልወሰነችም፤ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ለአንተ ያዘንኩ መስሎኝ ነበር። ዋንጫውም በልቤ አልነበረም ብዬ አልምልም፤ ሌሊቱን ራሴን ስጠይቅ አደርኩ። እሷን አትያዝባት።»

አወል አንገቱን ደፋ። ኦሳሮ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ሊለኝ የነበረውን ማን ይነግረኛል ጋሼ?»

«ማንም» አሉ። «ማንም አይነግርህም ልጄ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እግዜር ያውቃል፣ ለበጎ ነው፣ ይል ነበር። እሳቸው አላሉም። ኦሳሮ ለዚህ ይሆናል ተነስቶ እጃቸውን ይዞ ያስገባቸው። «ግባ ጋሼ። ከዛሬ ጀምሮ ግን እዚህ ቤት የታመመ ሰው ታሟል፣ የሞተ ሰው ሞቷል።»

«ይሁን» አሉ ጋሽ ወልደ ሥላሴ።

ሰዎቹ በግድግዳው ጥግ ጥግ ተቀመጡ። ባየሽ እንግዳ እንደምታስተናግድ ሴት ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ መቀመጥ የሚገባት አልመሰላትም። ኦሳሮ ሳያያት ወንበሩ ላይ ጠጋ አለና አጠገቡ ቦታ ለቀቀ።

«ነይ ተቀመጪ» አላት። «አማትሽ ነው የሞተው።»