የአባቴ የቁም ተዝካር

አባቴ ሞትን መፍራት የጀመረው ታናሽ ወንድሙ ውድማ ላይ ወድቆ ከቀረ በኋላ ነው። አጎቴ ጤነኛ ሰው ነበር። ያን ዕለት ቁርሱን በልቶ፣ በሬዎቹን እየነዳ፣ እያዜመ ገብስ ሲያበራይ አረፈደ። ድንገት ዜማው ተቋረጠ። መንሹን ሊያነሳ ጎንበስ ያለ መስሎን ነበር፤ ግን ቀና አላለም።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ አገራችን ስማዳ፣ ወገዳ ገበያ ውለን ሳይመሽ የምንመለስበት መንደር። እኔ ከሁለተኛው ባሌ ተፋትቼ ወደ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር። እናቴ ቀደም ብላ አርፋለችና ቤቱን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። አባቴን ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው፤ አሁን ስለ እሱ ሳወራ ግን «እሱ» ማለቱ ይቀርበኛል።

ከአጎቴ ቀብር ወዲያ አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን ማሳ ማረስ ተወ። ጠበል በቅል አስሞልቶ ራስጌው አኖረ። ሰው «እንዴት አደርህ?» ሲለው «ምን አይተህብኝ ነው?» ይላል። አንድ ጠዋት ሊጥ ሳቦካ ጠራኝ።

«ነይ እስቲ ልቤን አድምጪ።»

እጄን ጠርጌ ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግሁ።

«ይመታል» አልሁት።

«እንዴት አድርጎ?»

«እንደ በፊቱ ነው።»

«በፊትስ መች አድምጠሽው ታውቂያለሽ?» ብሎ ተቆጣኝ። እውነቱን ነበር፤ ወደ ሊጤ ተመለስሁ።

ከሁላችን የባሰ የተቸገሩት ግን የነፍስ አባቱ ናቸው። የደብራችን ቄስ ነበሩ፤ ሸምገል ያሉ፣ እግራቸውን ቁርጥማት የያዛቸው። አባቴ ጎኑን በወጋው ቁጥር፣ ጉጉት በጮኸ ቁጥር ያስጠራቸዋል። እሳቸውም ዳገቱን በዱላ እየተደገፉ ይመጣሉ። ሲመጡ እኔ ወደ ጓሮ እወጣለሁ፤ ነገር ግን ጆሯቸው ስለከበደ ሁለቱም የሚነጋገሩት እየጮሁ ነው፣ ጓሮው ድረስ ይሰማል።

«ባለፈው ከነገርኸኝ ወዲህ ምን ሠራህ?» አሉት አንድ ቀን።

«ምንም።»

«ሰው አማህ?»

«መች ከቤት ወጥቼ።»

«እንግዲያ እግሬን በከንቱ አታመላልሰው። ሂድና አንድ ነገር ሠርተህ ጥራኝ።»

ይህን ብለው ግን አልተነሱም። ትንሽ ቆይተው ቁጣቸውን ለዘብ አድርገው ጠየቁት።

«ለመሆኑ የምትፈራው ምኑን ነው? ፍርዱን ነው?»

«እሱንስ እርስዎ አሉልኝ፣ አባ።»

«ጣሩን ነው?»

«ጣርስ ጥርሴን ሲነቅሉልኝ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

 «ተዝካሬን ነው» አለ አባቴ። «ያ ልጅ ለተዝካሬ ቅራሪ ነው የሚያጠጣልኝ።»

ያ ልጅ ታላቅ ወንድሜ ነው። ትዳር ይዞ ከኛ አጥር ማዶ ይኖራል። ክፉ ሰው አይደለም፤ እጁ ብቻ የታሰረ ነው። ለእንግዳ ጠላ ሲቀዳ ዋንጫው ሳይሞላ ክንዱ ይደክመዋል። የጠላውን ዋና ለራሱ አስቀርቶ በውኃ የረዘመውን ቅራሪ ለሰው ማቅረብ እንደ ብልሃት ይቆጥረዋል።

ቄሱ ሳቁ። «ይሄማ ቀላል ነው። ተዝካርህን በቁምህ አውጣዋ። ልጅ የሌላቸው ሰዎች ያደርጉታል። ቅራሪ መሆን አለመሆኑን ራስህ ቅመሰው።»

እኔ ጓሮ ሆኜ ወገቤን ያዝሁ። ለአገር የሚበቃ ጠላ የሚጠምቀው ማን እንደሆነ ገብቶኛል።

ወንድሜ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። አባቴ ለዕርድ የመረጠውን በሬ ሄዶ ጀርባውን ዳበሰና ተመለሰ።

«አባዬ፣ ይሄ በሬ እኮ ገና ያርሳል።»

«እኔም ገና አርሳለሁ» አለው አባቴ።

«እሺ፣ ይሁን። አንድ ቀን ደግሞ፣ ያርቀውና፣ ቀኑ ሲደርስስ? ሌላ ድግስ ሊደገስ ነው?»

«ያኔማ ተገላገልህ። አንዴ ወጥቷል።»

ወንድሜ ትንሽ አሰበ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከሱ የበለጠ የተጋ ሰው አልነበረም። እንጨት ፈለጠ፣ ዳስ ጣለ፣ ሰው ጠራ። እኔና የወንድሜ ሚስት ብቅሉንና ጌሾውን ስንወቅጥ መዳፋችን ውኃ ቋጠረ። አባቴ በየጋኑ እየዞረ ያሸታል። ልቡን አድምጪልኝ ማለቱን ረሳው፤ አሁን የሚያሳስበው ጠላው መፍላቱ ነው።

እስቴ ላለችው ታላቅ እህቱም መልእክት ተላከ። አክስቴና አባቴ በርስት ተጣልተው ዓመታት ተኳርፈዋል፤ በአጎቴ ቀብር እንኳ ፊት ለፊት አልተያዩም። አባቴ «ትስማው እንጂ አትመጣም» እያለ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ለሚሄዱ ነጋዴዎች «የቁም ተዝካሬ ነውና ትድረስ በሏት» ብሎ ነገራቸው። ነጋዴዎቹ ለሌላ ሰው ነገሩ፤ ያም ለሌላ። «የቁም» የምትለው ቃል መንገድ ላይ የት እንደወደቀች እስካሁን የሚያውቅ የለም።

ቀኑ ከጥምቀት በኋላ፣ ጾም ሳይገባ ነው። ዳሱ ጢም አለ። ካህናቱ ከላይ፣ ሽማግሌዎች ቀጥለው፣ የቆሎ ተማሪዎች ከታች ተቀመጡ። አባቴ የታጠበ ጋቢውን ለብሶ መግቢያው ላይ ቆሞ ያስተናግዳል። ጸሎቱ ደርሶ፣ ተበልቶ ተጠጥቶ ችግሩ የመጣው ሰው ሊመርቅ ሲል ነው። ለተዝካር የሚባለው ሁሉም አፍ ላይ አለ። መጀመሪያ የተነሱት ሽማግሌ ዋንጫቸውን ከፍ አድርገው «ነፍስ ይ...» አሉና አባቴን አዩት፤ ቀሪውን ዋጡት። ቀጣዩም እንዲሁ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሁለት ደብተራዎች ለቆመ ሰው ነፍስ ይማር ይባላል አይባልም ብለው ግዕዝ እየጠቀሱ ተያያዙ።

አባቴ ታከተው። «ጨርሱት እንጂ» አለ። «በሬዬን በልታችሁ እሷን ትነፍጉኛላችሁ?»

ቄሱ ከተቀመጡበት «ነፍስ ይማር» አሉ።

«አሜን» አለ አባቴ ጎንበስ ብሎ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው። አንዱ ነፍስ ይማር ሲል አባቴ አሜን፣ ሌላው ነፍስ ይማር ሲል አሜን። ወንድሜ ደግሞ እንጀራ ይዞ በመሃል እየተመላለሰ «ብሉ፣ ሁለተኛ የለም» ይላል።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ከጉብታው ወዲያ ዋይታ ተሰማ። ሴቶች ናቸው፣ ነጠላቸውን በወገባቸው አስረዋል። ከፊት ያለችው አሮጊት ደረቷን እየመታች ትመጣለች። አክስቴ ነበረች። ሙሾ አውራጅ ናት፤ እስቴ ውስጥ ያለሷ ልቅሶ አይደምቅም ይባላል። ዳሱን ስታይ ያለቀ የደቀቀ ነገር ሆነባትና ከደጁ መሬት ላይ ተቀመጠች።

እኔ አባቴን ፈልጌ ዳሱ ጀርባ፣ ጋኖቹ ዘንድ አገኘሁት።

«ይውጡና ይታዩዋት እንጂ፣ አባዬ። ልቧ ይፈርሳል።»

ክንዴን ያዘኝ። «ቆይ» አለ። «ትጨርስ።»

በቅጠሉ ቀዳዳ አብረን አየናት። ጀግና ነበርህ፣ አዳኝ ነበርህ አላለችም። በልጅነታቸው ወንዝ ሲሞላ በጀርባዋ አዝላ እንዳሻገረችው፣ እሱ ፈርቶ ሁለት ጆሮዋን እንደ ልጓም ይዞ እንደነዳት ተናገረች። ስትዳር አጥሩ ሥር ተደብቆ ያለቀሰው እሱ ብቻ እንደነበር ተናገረች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ለአንድ ጥማድ መሬት ብዬ ዓይንህን ሳላይ» አለች። «ውሰደው ብዬ ብልክብህ ምን ነበረበት።»

አባቴ ጋኑን ተደግፎ ነበር። እናቴ ስትሞት ያላየሁትን እንባ ያኔ አየሁ። ጋቢው ላይ ይወርድ ነበር፤ አልጠረገውም።

ከዚያ ወጥቶ ፊቷ ቆመ። «እትዬ» አለ።

ቀና ብላ አየችው። ከኋላዋ ካሉት ሴቶች ገሚሱ አማተበ፤ አንዷ ጫማዋን እዚያው ጥላ ወደ መጣችበት ሮጠች። አክስቴ ግን አልደነገጠችም፤ ነገሩን ስታጣራ ቆየች።

«አልሞትህም?»

«አልሞትሁም፣ እትዬ። የቁም ተዝካሬ ነው። በትክክል አልነገሩሽም።»

«ይሄን ሁሉ ዳገት በእግሬ አስወጥተኸኝ?»

«ይቅር በይኝ።»

«ያልሁትን ሰማኸው?»

«ከመጀመሪያው።»

ከዘራዋን አንስታ ትከሻው ላይ አሳረፈችበት፤ ቀለል አድርጋም አይደለም። ቀጥላ አንገቱን ይዛ ሳመችው። ከዚያ ዳሱ ውስጥ ገብታ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀመጠችና ጠላ ጠየቀች። ከጠጣች በኋላ «መሬቱን ያልሁት በሐዘን ነው» አለች። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ሆኖም ቃሏን አላጠፈችም፣ መሬቱን ተወችለት፤ አባቴም ከዚያ መሬት ካገኘው እህል በየዓመቱ እኩሌታውን ይልክላት ነበር።

ከዚያ በኋላ አባቴ ብዙ ዘመን ኖረ። የገደሉን አፋፍ ማሳ እንደገና አረሰ። ጭቃ ሹሙ አሥራት ሊሰበስብ ሲመጣ «ተዝካሬ ወጥቷል፤ ከሙት ምን ትፈልጋለህ?» አለው። ጭቃ ሹሙም ቀልድ አዋቂ ነውና «ሙቱ አንተ እንጂ መሬቱ አይደለም» ብሎ አሥራቱን አስሰፍሮ ሄደ። አባቴ ይህን ለሰው ሁሉ እየሳቀ ያወራው ነበር።

አክስቴን ሊጠይቅ እስቴ የወረደ ጊዜ ደግሞ መካነ ኢየሱስ ላይ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘ። በዕድሜው መኪና ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሰዎቹ ይገለበጣል፣ ይቅርብህ ቢሉት «እኔን ምን ያደርገኛል?» ብሎ ከጆንያው ላይ ወጣ። ደብረ ታቦር እስኪገባ ሲያስመልሰው ሄደ። በእግሩ ተመልሶ፣ ቤት ገብቶ እንኳ ሳይቀመጥ፣ መኪናው ዛፎቹን ወደ ኋላ እንዴት እንደሚያስሮጣቸው ነገረኝ።

አንድ ጊዜ አረም ስናርም ጠየቅሁት። «አሁን አይፈሩም፣ አባዬ?»

ወገቡን ቀና አድርጎ አሰበ። «እፈራለሁ እንጂ» አለ። «ግን እንደዚያን ጊዜው ሥራ አያስፈታኝም። ያኔ ብቻዬን የምሄድ ይመስለኝ ነበር።» ከዚያ እኔ ያለፍሁትን አረም አሳየኝና ጎንበስ አለ።

የሞተው በኅዳር ነው፣ ጥቂት ቀን ታሞ። አክስቴ በበቅሎ ደርሳ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር፤ ስለ አንድ ስሙ ስለጠፋባቸው የልጅነት ውሻቸው ሲከራከሩ ዋሉ። በመጨረሻ እሱ ስሙን አስታወሰና ነገራት። ለማታ አልደረሰም።

ተዝካሩ አንዴ ወጥቷልና ሌላ ድግስ አልታሰበም፤ ከሣልስቱ ማግስት እኔና ወንድሜ አተር ለመሰብሰብ ወረድን። ደርቆ ነበር፤ ትንሽ ቢቆይ ይረግፋል። እሱ ነቀለ፣ እኔ ከመርሁ። ከሰዓት ደመና ቢያስፈራራንም ሳይዘንብ ጨረስን።