ጋሽ ንጋቱ ጋ ግራ ጫማችሁ ለቀረ ሁሉ

ሰው ጥሩ የሚሆነው ሲሞት ብቻ ነው እንዴ?

ዛሬ ጠዋት የጋሽ ንጋቱ ልጅ ሂሩት ደውላ «አባቴ አረፈ» ስትለኝ አላመንኳትም። ትናንት እኮ አቃቂ በሰቃ፣ ጋራዣቸው በር ላይ ቆመው «ኢንጂነር፣ ዛሬም ሥራ አልተገኘም? ና እንግዲህ እጅህን አቆሽሽ!» ብለውኛል። ትናንት!

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ንጋቱ የሞተር ሳይክል መካኒክ ነበሩ። ለየኢንጅኑ የሚያስፈልገው ልዩ መፍቻ ውድ ነው፣ ብሩ ቢኖርም አይገኝም። ስለዚህ ራሳቸው ይሠሩታል። የፍሪሲዮን መያዣቸው ፌሮ ላይ የተበየደ አሮጌ የፍሪሲዮን ዲስክ ነው። ማግኔት የሚነቅሉበት ፑለር ደግሞ ከተጣለ የጭነት መኪና ቡሎን ቶርኖ ቤት ያስወጡት ነው።

ሜካኒካል ተመርቄ የመጣሁ ሰሞን «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ስፔሻል ቱል ይፈልጋል» ብዬ ስሙን በእንግሊዝኛ አንበለበልኩላቸው።

ቀና እንኳን ሳይሉ «ስሙን ተወው። ምንድነው የሚሠራው?» አሉኝ።

«ፒስተኑ እንዳይንቀሳቀስ ይይዛል።»

«በቃ?»

ከኪሳቸው የናይለን ገመድ አወጡ። ካንዴላውን ፈትተው በቀዳዳው ገመዱን ወደ ሲሊንደሩ አስገቡ። ፒስተኑ ገመዱን ተደግፎ ቀጥ አለ፣ የማግኔቱ ዳዶ ተፈታ። አምስት ዓመት ተምሬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

በማግስቱ እኔ ልሞክር ብዬ ገመዱን እስከ ጫፉ ጥርግ አድርጌ አስገባሁት። ግማሽ ቀን በሽቦ ስንጎረጉር ዋልን። አልተቆጡኝም። «ኢንጂነሩ ዓሣ እያጠመደ ነው፣ አትረብሹት» እያሉ ለመንገደኛው ሁሉ ሲናገሩ ዋሉ እንጂ።

ዕቃቸውን ለማንም ያውሱ ነበር። መያዣው ግን ግራ ጫማህ ነው። አሮጌ ሸበጥ ሰጥተው ይሸኙሃል፣ «ጫማህ ሲናፍቅህ ትመጣለህ» ብለው። እኛስ? ብልጦች ነና! ለውሰት ስንሄድ ያለቀለት ጫማ እየመረጥን ማድረግ ጀመርን።

ዛሬ ከድንኳኑ ወጥቼ ጋራዡ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ ዘጠኝ ግራ ጫማ። ጠረጴዛው ላይ የአንድ ኮዬ ፈጬ የሚኖር ዕቃ አድራሽ ኢንጅን እንደተከፈተ ተቀምጧል። ማግኔቱ አልወጣም፣ ምክንያቱም ፑለሩ የለም። ጋሽ ንጋቱ ፑለሩን ለወሰደው ሰውዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲደውሉ ነበር። መልሱ ሁሌ «ነገ» ነው።

ሂሩት ከአባቷ ጋር ስምንት ዓመት የሠራች መካኒክ ናት። ዘመዶቿ ግን ገና አስከሬኑ ሳይወጣ «ዕቃ የሌለው ጋራዥ ምን ያደርግልሻል? ይከራይ» እያሏት ነው። ምን ብላ ትከራከር? መደርደሪያው ባዶ ነዋ፣ ከጫማ በቀር።

ፑለሩን የወሰደው ሰውዬ ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀምጧል። ትልቅ ጋራዥ አለው። ጋሽ ንጋቱን በሕይወት ሳሉ «ቆራሌው» ነበር የሚላቸው። ዛሬ ግን በሻማ ፎቶ አጅቦ «የሙያ አባቴ» ብሎ ፌስቡኩ ላይ ለጥፏል። ጠጋ ብዬ «ፑለሩስ?» አልኩት።

«በለቅሶ ቤት ነው እንዴ የምትጠይቀኝ? ነውር አታውቅም?»

ሂሩት ሰምታ ተነሳች። ጋራዥ ገብታ አንድ ቡኒ ጫማ ይዛ ተመለሰችና እግሩ ሥር አስቀመጠችው።

«የእርስዎ ነው መሰለኝ፣ ጋሼ።»

ሰውዬው ጫማውን በእግሩ ወንበር ሥር ገፋ አድርጎ ንፍሮውን መዝገን ቀጠለ።

ልሰድበው አፌን ስከፍት ግን መደርደሪያው ጥግ ላይ ያየሁት ነጭ ስኒከር ትዝ አለኝ።

የኔ ነው።

የፍሪሲዮን መያዣው ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አልጋዬ ሥር ከተቀመጠ አምስት ወሩ። አዲስ ጫማ ስገዛ ረሳሁት። በየቀኑ እያየኋቸው፣ ሰላም እያሉኝ፣ ረሳሁት። ከዚያ ሰውዬ በምን ተሻልኩ? ታክሲ ይዤ ሄጄ አመጣሁት። ሂሩት ተቀብላኝ ጫማዬን ሰጠችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ሻማ መለጠፉን ተዉትና ዕቃውን አምጡ። ከቀብር ማግስት ጀምሮ ሂሩትም እኔም ጋራዥ ነን። የተመለሰውን ሁሉ እየለካሁ በወረቀት እነድፈዋለሁ፣ እዚሁ ገጽ ላይም አወጣዋለሁ። መፍቻ መግዛት ያልቻለ ሁሉ አይቶ ይሥራበት። ዲግሪዬ ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆነኝ ነው?

ጋሽ ንጋቱ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሸበጥዎን መልሻለሁ። ያን ኢንጅን እንጨርሰዋለን፣ የገመዱንም ጫፍ ውጭ አስቀረዋለሁ። በሰላም ይረፉ፣ የኔ አስተማሪ።

ሰባት ጫማ መደርደሪያው ላይ፣ አንድ ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ሥር አለ። ከሥር «የኔ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ጥቁሩ ቡትስ የማን ነው?