ማንደፍሮ ለኮምፒውተሩ መድኃኒት ሲፈልግ

ማንደፍሮ ሆላንድ አገር፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ትራም የነዳ ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደቡብ ሮተርዳም ከምትኖረው ታላቅ እህቱ ከሐምራዊት ጋር በኮምፒውተር የመኪና ውድድር ይገጥማል፤ ሁልጊዜም ይሸነፋል። ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም፤ ኩርባ ላይ ሲደርስ ምስሉ እየተንቀረፈፈበት ነው።

«ምስሉን የሚያፈጥን ውድ የግራፊክስ ካርድ ልገዛ ነው» አላት በስልክ።

«ቆይ እስቲ ማንዴ፣ መጀመሪያ ስትጫወት ከኮምፒውተሩ ክፍሎች የቱ እንደሚጨናነቅ እይ።»

ቢያይ፣ ካርዱ ግማሽ ጉልበቱን እንኳ አልተጠቀመም፤ ጢም ብሎ የሞላው ሚሞሪው ነው። ካርዱን ተወና ሚሞሪ ገዝቶ በገዛ እጁ ሰካ። ምስሉ እንደ ውሃ ፈሰሰ።

«ዛሬ አለቀልሽ!» ብሎ ተነሣ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ ከግንብ ተላተመ።

«አሁንስ ምን ሆንክ?» አለች ሐምራዊት ሳቋን አፍና።

«እትዬ፣ ትራም እኮ መሪ የለውም፤ የሚያዞረኝ ሐዲዱ ነው» አላት።

ከዚያ ወዲህ ከውድድሩ በፊት መጠምዘዝ ታለማምደዋለች። ባለፈው ቅዳሜ በሦስት ሰከንድ ብቻ ተሸነፈ፤ ሰኞ ለባልደረቦቹ ሲያወራው ግን ያሸነፈ ነው የመሰላቸው።